ከምረቃው ማግስት

ቢስቲማ ላይ የሞባይል ጥገና ቤት ሥራው ጥገና ብቻ አይደለም። ልጇ ጅዳ ያለች እናት ኢሞ አልከፍት ሲላት የምትሄደው እዚያ ነው። የቴሌብር የምሥጢር ቁጥሩ የጠፋበት ገበሬ፣ ፋይዳ ተመዝግቦ ቁጥሩ ያልመጣለት ወጣት፣ «በስህተት ብር ልኬብሃለሁና መልስልኝ» ተብሎ የተደወለለት ባለ ሱቅ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያማክሩት ጠጋኙን ነው። ከሐይቅ ተነስቶ ወደ ጭፍራ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የወረባቡ ወረዳ ከተማ የቴክኖሎጂ ነገር የሚጠየቀው ካቻቢቴ የያዘ ልጅ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ሰዉ ግን ያምነዋል።

ወረቀቶቻችንን የዘረጋነው እንዲህ ያለ ጠጋኝ ፊት ነው። እኔና ባልደረቦቼ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ስታርታፕ ኩባንያዎች በአማርኛ የሚዘግብ የዜና ድረ ገጽ ለመክፈት እየተሰናዳን ነው። ከመክፈታችን በፊት የናሙና ጽሑፎችን አትመን፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በቢስቲማ ላሉ አንባቢዎች እየሰጠን የሚሉትን መስማት ፈለግን። በወረቀት ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ሰው ወረቀት ላይ ያሰምራል፣ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል፣ የሰለቸው ቦታ ሲደርስ ያስቀምጠዋል። ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ግን ሲሰለቸው ዝም ብሎ ይወጣል፤ ለምን እንደወጣ ሊነግርህ የሚመለስ የለም።

ጠጋኙ አንድ እጁ በተፈታ ቴክኖ ስልክ ላይ እንዳለ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። ዜናው አዲስ አበባ ያለ አንድ የክፍያ ኩባንያ ከውጭ ባለሀብቶች ስላገኘው ገንዘብ ነው። እስከ መጨረሻው ሄደና ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ የቀረ ነገር ያለ መስሎት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ድርጅት እዚህ ይሠራል?»

ዜናው ላይ የመሥራቾቹ ስም አለ፤ የዶላሩ መጠን አለ፤ ገንዘቡን የሰጡት እነማን እንደሆኑ አለ። ቢስቲማ ላይ ይሠራ እንደሆነ የሚናገር አንድም ዓረፍተ ነገር የለም።

«ብር አግኝተዋል፣ እሺ፣ አላህ ይጨምርላቸው። ባገኙት ብር ምን ሠሩበት? እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው።»

ይህ ጥያቄ በሄድንበት ሁሉ በተለያየ አፍ ተደጋገመ። ኮምቦልቻ ያለ ተማሪ በራሱ መንገድ ጠየቀው፤ ደሴ ያለች የቴሌብር ወኪልም፣ ቢስቲማ ያሉ የእህል ነጋዴም እንዲሁ። እኔም ደጋግሜ ስሰማው አንድ ነገር ገባኝ፦ የአገራችን የቴክኖሎጂ ዜና የሚጻፈው በምረቃው ቀን ነው፤ አንባቢው የሚኖረው ግን ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ነው።

የስታርታፕ ዜና ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የሕግ ባለሙያው ማይክል አሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2005 ቴክክራንችን ሲጀምር አንባቢዎቹ በአብዛኛው የሲሊከን ቫሊ ሰዎች ነበሩ፤ ኩባንያ መሥራቾች፣ ባለሀብቶች፣ መሐንዲሶች። ለእነሱ «እገሌ ኩባንያ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር አገኘ» የሚለው ዜና ሙሉ ነው። ባለሀብቱ ተቀናቃኙ ገንዘቡን የት እንዳፈሰሰ ያውቅበታል፤ መሐንዲሱ ማን ሠራተኛ ሊቀጥር እንደሆነ ይረዳበታል፤ መሥራቹ የራሱን ኩባንያ ዋጋ ይለካበታል። ቴክክራንች በ2010 ለኤኦኤል ሲሸጥ አጻጻፉ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ሌጎስ ላይ በ2013 የተነሳው ቴክካባል ያንኑ መልክ ይዞ ለአፍሪካ ሠርቶበታል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሸጋ የአገራችንን ስታርታፖች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይዘግባል። ይህን የምለው ሥራቸውን ለማቃለል አይደለም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የብዙ ወጣት ኩባንያዎች ታሪክ ሳይመዘገብ ይቀር ነበር። በአማርኛም ሰለሞን ካሳ በኢቢኤስ ቴሌቪዥን ሲያቀርበው የቆየው «ቴክ ቶክ» ትልቅ ውለታ ውሎልናል፤ የቴክኖሎጂ ነገር በራሳችን ቋንቋ፣ ለቤተሰብ በሚሆን አነጋገር ሊብራራ እንደሚችል ያሳየ ፕሮግራም ነው።

አንባቢው ጠባብ ከሆነ ግን ዜናውም ጠባብ ይሆናል። የአገራችን ጋዜጣ አጀማመርም እንዲያ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ የጀመረው «አእምሮ» መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ነበር የሚወጣው። አንባቢዎቹ ቤተ መንግሥቱና በዙሪያው ያሉ መኳንንት ነበሩ፤ ጋዜጣው የሚናገረውም ለነሱ ነበር። ዛሬ ቴሌብርን የሚጠቀመው ሕዝብ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሳለ ስለ ቴሌብር የሚጻፈው ዜና ለጥቂት መቶ የአዲስ አበባ ሰዎች እንደሚጻፍ ሆኖ መቅረቱ ያስቆጨኛል።

ወለድ አለበት?

ከናሙናዎቹ አንዱ በስልክ ስለሚሰጥ ብድር ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር ላይ መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የሚባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች አስጀምሯል። ያለ ዋስትና፣ ያለ ደብተር፣ ቅርንጫፍ ሳይኬድ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ባንኮችም በየመተግበሪያቸው ተመሳሳይ ብድር አምጥተዋል። ጽሑፋችን ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ባንክ ያልደረሰው ሕዝብ ብድር እንዳገኘ ያወሳል።

ቢስቲማ ላይ ያሉ አንድ የእህል ነጋዴ ጽሑፉን ያነበቡት በጆሯቸው ነው። የልጅ ልጃቸው እያነበበላቸው፣ ከማሽላው ጆንያ ጎን ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጄ፣ ወለድ አለበት?»

«ሐጂ፣ ጽሑፉ የአገልግሎት ክፍያ ነው የሚለው።»

«እሱማ ስሙ ነው። አከፋፈሉ ምንድን ነው? ቀኑ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል? ጨምሮ ከሆነ ጨመረ ብላችሁ ጻፉ፤ ካልሆነም አልጨመረም በሉ። እኔ ራሴ እፈርዳለሁ።»

ይህን ጥያቄ የካሊፎርኒያ ጋዜጠኛ አይጠይቀውም። በወሎ ግን ሰው አንድን አገልግሎት ይጠቀምበት ወይስ ይተወው የሚለውን የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው። በእስልምና ወለድ ሐራም በመሆኑ ብዙ ሙስሊም ነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ ከባንክ ብድር ርቀው ኖረዋል። ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ሲከፍቱ፣ በኋላም በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር ሌላ በር ተከፍቶላቸዋል። ወደ ስልክ የመጣው ብድር በየትኛው በር እንደገባ ግን ዜናዎቹ አይናገሩም። ስለ ብድር መተግበሪያ የሚጽፍ ሰው የሸሪዓ አማካሪ አለው ወይ፣ ክፍያው የሚሰላው በቀን ነው ወይስ በአንድ ጊዜ፣ ቀኑ ቢያልፍ ቅጣቱ ወዴት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ አለበት። ከሐጂ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ያንን ጽሑፍ እንደገና ከሥሩ ነው የጻፍነው።

እሳቸው በጆሮ ማንበባቸው ሌላም ነገር አስተምሮናል። ለቢስቲማ አንባቢ ጽሑፍ ብቻ አይበቃም። ይህን የተረዱ የአገራችን ሥራዎች አሉ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የከፈተው 8028 የተባለ የስልክ መስመር ገበሬው በተራ ስልክ ደውሎ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል በሽታ በራሱ ቋንቋ የሚሰማበት ነው። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ማንበብም አይጠይቅም። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድም አዲስ አበባ ላይ ሥር የሰደደው በስማርት ስልክ መተግበሪያ ብቻ አይደለም። በ8294 ደውሎ ታክሲ መጥራት ስለተቻለ፣ መተግበሪያ የማያውቁ እናቶችም ደንበኛ ሆኑ። ውጭ አገር የተሠራውን እንዳለ ሳይቀዱ ለአገሩ ሰው እንዲሆን አድርገው ያስተካከሉት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ለእኔ የስታርታፕ ዜና ባለቤቶች። እኛም እያንዳንዱን ዋና ጽሑፍ በድምፅ ለማንበብ ወስነናል፤ በቴሌግራም የሚላክ አጭር ድምፅ፣ ዳታ የማይበላ።

ብሬ የት ነው?

ደሴ መነኻሪያ አጠገብ የቴሌብርና የኤም ፔሳ ወኪል የሆነች ወጣት አለች። ጠባብ ሱቅ ናት፤ መደርደሪያው ላይ የስልክ ካርድ፣ ቻርጀርና ሸራ ጫማ ተደርድሯል። ናሙናውን ስታነብ ሰው መጣ፤ አስተናገደችው፤ እንደገና ማንበብ ጀመረች፤ ሌላ መጣ። አንድ ገጽ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ይህ ራሱ መልስ ነው። ከእሷ ጋር ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ጽሑፎቻችን ለምን ማጠር እንዳለባቸው የገባኝ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያነበው በደንበኛና በደንበኛ መካከል ባለው ትንፋሽ ነው።

እሷ የፈለገችው ዜና ሌላ ነበር። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደንበኛው ብሩ ከሒሳቡ ወጥቷል፤ ማረጋገጫ መልእክቱ ግን አልመጣም። እሷ ጋ አልገባም። ደንበኛው እሷን ነው የሚጣላው። «እቴ፣ ስልኬን ተመልከች፣ ተቀንሷል» ይላታል፤ እሷ ደግሞ የራሷን ስልክ ታሳየዋለች። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። መሐል ላይ የተንጠለጠለውን ብር ማን ያወርደዋል? በስንት ሰዓት? በ127 ተደውሎ ምን ቁጥር ነው የሚነገረው? ስለዚህ የተጻፈ ነገር ፈልጋ አላገኘችም።

ነገሩ ሲብራራ ከባድ አይደለም። ቴሌብር በ*127# የሚሠራበት መንገድ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስልኩ ከማማው ጋር በሚነጋገርበት ጠባብ መስመር ነው የሚያልፈው። ለዚህ ነው ዳታ በሌለበት ቦታ እንኳ ተራ ስልክ ብር የሚልከው። ያ መስመር ግን ጊዜ ተሰፍሮለታል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ትዕዛዙ ማዕከሉ ደርሶ መልሱ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ብሩ አልጠፋም፤ ማዕከሉ ላይ መዝገብ አለው፤ እያንዳንዱ ዝውውርም የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ይህን የሚያውቅ ወኪል ደንበኛውን ያረጋጋል፤ የማያውቅ ይጣላል። እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ማብራሪያ፣ ከአሥር የስምምነት ፊርማ ዜና ይልቅ ለደሴ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ኔትወርክ በዚህ አገር ተራ ጉዳይ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከተሞቹም እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሳሉ፣ ሰው ከዘመዱ ጋር በስልክ ተቆራርጦ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተዘርፎ ነበር። አካባቢው ከዚያ ሳያገግም በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ኤም ፔሳ ተጀመረ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ የማስተማር ዕቅድ ይፋ ሆነ። ሁለቱም ትልቅ ዜና ናቸው። ነገር ግን ደሴ ላይ ዳታ የሌለው ወጣት የኮዲንግ ትምህርቱን በምን ይከታተላል ብሎ የጠየቀ የቴክኖሎጂ ዜና ብዙ አላየሁም። አንድ አገልግሎት «በመላ አገሪቱ ተጀመረ» ተብሎ ሲጻፍ ከዜናው ውስጥ የወጣው ሕዝብ ራሱን ያውቀዋል። ዜናውን ዳግመኛ የማያምነውም ለዚህ ነው።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ አየሩ ይሞቃል፤ ጥያቄውም ሌላ ይሆናል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ናሙናዎቹን ተከፋፍለው አነበቡ። በጣም ያከራከራቸው ስለ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የጻፍነው ነው።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ያልሰማ ተማሪ የለም። የባንኩ ሲስተም ደንበኛው ሒሳቡ ላይ ካለው ብር በላይ እንዲያወጣና እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። ወሬው በስልክ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፣ ከግቢ ወደ ግቢ ተላለፈ፤ በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤሞች ላይ ሌሊቱን ሰልፍ ሆነ። እስኪዘጋ ድረስ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተካሄደ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንና ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተናገሩ፤ ያላግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነም ገለጹ። ባንኩ የወሰዱትን እንዲመልሱ ጠየቀ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን አሳሰቡ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ።

ስለዚህ ነገር የወጡት ዜናዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ስለ ሰልፉና ስለ ሌብነቱ። ተማሪዎቹ ግን ሦስተኛውን ዜና ፈለጉ፦ ሲስተሙ ምን ሆኖ ነው? አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ወረቀታችን ጠርዝ ላይ ሳጥን ሥሎ ማስረዳት ጀመረ። ብር ስታወጣ ማሽኑ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ቀሪ ሒሳብህን ያያል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልታሰሩ፣ ማየቱ ቀርቶ ማውጣቱ ብቻ ከተፈቀደ፣ ወይም ቅነሳው ሳይመዘገብ ካለፈ፣ የተከፈተ ካዝና ነው። ማሻሻያ ሲሠራ መጀመሪያ በተለየ መሞከሪያ ላይ ይፈተናል፤ ቀጥሎ በጥቂት ደንበኞች ላይ፤ ከዚያ ነው ለሁሉ የሚለቀቀው። ሌሊት ላይ ያልተለመደ የገንዘብ መጠን ሲወጣ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም መኖር አለበት። ልጁ ይህን ሲያብራራ ዙሪያውን የከበቡት የሌላ ክፍል ተማሪዎች ዝም ብለው አዳመጡት። እኔ ያየሁት ምርጥ የቴክኖሎጂ ዘገባ ያ የወረቀት ጠርዝ ነው።

ከእሱ ቀጥላ አንዲት ተማሪ ሌላ ነጥብ አነሳች። ያን ሌሊት ብር ያወጡ ልጆች ብዙዎቹ ወንጀል መሥራታቸውን አላሰቡም፤ ሲስተሙ «ይችላሉ» ስላላቸው የሚችሉ መሰላቸው። ዜናው ሌባ ከማለት አልፎ ሕጉ ምን እንደሚል በጊዜው ቢነግራቸው ኖሮ ስንቱ ከጭንቀት በዳነ ነበር አለች። በዚያው ዓመት የቴሌግራም ጨዋታ የሆነው ሃምስተር ኮምባት ስንቱን ሌሊት እንዳስነቃም ተማሪዎቹ አነሱልኝ። ስክሪን እየነኩ ሳንቲም መሰብሰብ ነበር፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሳንቲሙ ገበያ ሲወጣ የደረሳቸው ከልፋታቸው ጋር አልተገናኘም። መቼ እንደሚወጣ በየቀኑ የሚነግራቸው ቻናል ሞልቶ ነበር። ምን ያህል ሊያወጣ እንደሚችል፣ ብሔራዊ ባንክስ በእንዲህ ያለ የክሪፕቶ ግብይት ላይ አቋሙ ምን እንደሆነ በአማርኛ የነገራቸው ግን አላገኙም። ተማሪዎቹ ይህን የነገሩኝ ተቆጥተው ነው። ቁጣቸው ልክ ነው።

ማን ይከፍላችኋል?

ኮምቦልቻ ላይ የሒሳብ ባለሙያ የሆነች እህት ናሙናዎቹን ሁሉ አንብባ ስትጨርስ ስለ ጽሑፎቹ አንድም ነገር አላለችም። የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ይከፍላችኋል?

ከሁሉ የከበደን ይህ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ገጾች የወደቁት በአብዛኛው በዚህ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጊጋኦም ብዙ የተከበሩ ጸሐፊዎች ይዞ ሳለ በ2015 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ተዘጋ። ሣራ ሌሲ በ2012 የጀመረችው ፓንዶ ደግሞ ገንዘቡን ያገኘው ከዚያው ከሲሊከን ቫሊ ባለሀብቶች ስለነበር፣ ስለ እነሱ በጻፈ ቁጥር የሚነሳበትን ጥያቄ ይዞ ነው የኖረው። ጄሲካ ሌሲን ዘ ኢንፎርሜሽንን በ2013 ስትከፍት ሌላ መንገድ መረጠች፤ አንባቢው ራሱ በዓመት ወደ 400 ዶላር ይክፈል አለች፤ ሀብታም አንባቢ ስላላት ሆነላት።

እኛ ዘንድ ያለው መንገድ ሌላ ነው፤ እሱንም በግልጽ መናገር ይሻላል። ኩባንያ ምርቱን ሲያስመርቅ ሆቴል ይከራያል፣ ጋዜጠኛ ይጠራል፣ አበል ይሰጣል። ጋዜጠኛው ደመወዙ አይበቃውም፤ አበሉን ይቀበላል፤ ማግስቱ ዜናው ይወጣል። ምረቃው የሚዘገበው፣ ማግስቱ የማይዘገበው አንድም በዚህ ነው። ከስድስት ወር በኋላ መተግበሪያው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ማንም አበል አይከፍልም። ይህን ዑደት ሳይሰብሩ «ነፃ የቴክኖሎጂ ዜና» ማለት አይቻልም። የሒሳብ ባለሙያዋ ምክር ቀጥተኛ ነበር፤ ማስታወቂያ ተቀበሉ፣ ነገር ግን ማስታወቂያ የሰጣችሁን ኩባንያ ስም ስለሱ በጻፋችሁበት ገጽ ላይ ራሱ ጻፉት፤ አበል ግን በጭራሽ። የዜና ክፍላችን ደንብ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሆነው ይህ ነው።

ሕጉም ይጠብቀናል። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃን በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ የተሳሳተ ዘገባ የወጣበት ሰውም የእርማትና የመልስ መብት አለው። አንዳንዱ ይህን እንደ ሸክም ያየዋል። ለእኔ ግን የእርማት መብት አንባቢው ጽሑፉን የሚነካበት እጅ ነው። ሪፖርተር ጋዜጣ «ይድረስ ለሪፖርተር» በሚለው ዓምዱ የአንባቢን ቅሬታ ሲያትም ኖሯል። ቲክቫህ ኢትዮጵያም በቴሌግራም ላይ ከሚሊዮን በላይ ተከታይ ያፈራው ከአንባቢው የሚመጣውን ቅሬታ፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያና የመብራት መቋረጥ ወሬ ሳይቀር እንደ ዜና ስለተቀበለው ነው። አንባቢው «ለእኔ መልስ ይሰጣል» ያለውን ቤት አይለቅም።

አሁን ጽሑፎቻችን ተለውጠዋል። ስለ አንድ አገልግሎት ስንጽፍ ከአዲስ አበባ ውጭ የት እንደሚሠራ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለመሥራቱን፣ ክፍያው በቁርጡ ስንት እንደሆነና ሲበላሽ ለማን እንደሚጮህ ካላወቅን ጽሑፉ አይወጣም። ኩባንያው ካልመለሰልንም አልመለሰም ብለን እንጽፋለን። የምረቃ ዜና በጻፍን በሦስተኛው ወር ተመልሰን ያንኑ አገልግሎት ቢስቲማ ላይ እንሞክረዋለን፤ በስድስተኛው ወር እንደገና። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የስታርታፕ አዋጅም በዚሁ መንገድ ነው የሚታየው፤ አዋጁ ወጣ ብለን አናቆምም፣ ከኮምቦልቻ ተመራቂዎች ማን በአዋጁ ተጠቅሞ ኩባንያ አቋቋመ ብለን እንጠይቃለን።

ጠጋኙ ወርኃዊ ጥሪ ለመቀበል ተስማምቷል። በወሩ ውስጥ ሰዎች ይዘውት ከመጡት ችግር ሁሉ በብዛት የተደጋገመው የቱ እንደሆነ ይነግረናል፤ እኛ ደግሞ በዚያ ላይ እንጽፋለን። ሐጂ የብድሩ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ሳይሆን ከመታተሙ በፊት እንዲነበብላቸው ጠይቀዋል፤ የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ የድምፅ ቅጂውን እንልካለን። መክፈቻው ጽሑፍ የታዋቂ ሰው ቃለ ምልልስ እንዲሆን አስበን ነበር፤ ትተነዋል። በእሱ ምትክ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በቢስቲማ ያሉ ወኪሎች ብር መሐል ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚያደርጉ፣ ስንት ቀን እንደሚጠብቁና ከኩባንያው ምን መልስ እንደሚያገኙ የሚተርክ ዘገባ ይወጣል። ረቂቁ አንድ ገጽ ነው፤ መነኻሪያው አጠገብ ያለችው ወኪል ከማንም በፊት ታነበዋለች፣ ያልገባት ዓረፍተ ነገር ካለ ይሰረዛል።